ማይክሮኮንትሮለሩና የማስታወሻው ቺፕ ሳይግባቡ ሲቀሩ

የአየርን ሙቀት በየሰዓቱ እየለካ የሚመዘግብ አነስተኛ መሣሪያ ሠርተን ለአንድ ሌሊት ተውነው። በማግስቱ የተመዘገበውን ስናነብ ያገኘነው የሙቀት መጠን ሳይሆን 255፣ 255፣ 255 የሚል ተደጋጋሚ ቁጥር ብቻ ነበር። ያለፈን ሌሊት ሙቀት ዳግመኛ መለካት አይቻልምና ዳታው በዚያው ጠፍቶ ቀረ። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ችግር ሲያጋጥም መንስኤው በምን ቅደም ተከተል እንደሚፈለግ እንመለከታለን።

ሁለት መስመር፣ ሁለት ሬዚስተር

የተጠቀምንበት ማስታወሻ የማይክሮቺፕ ኩባንያ ምርት የሆነው 24ኤልሲ256 የተባለው ኢኢፕሮም ነው። ይህ ቺፕ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም የያዘውን አይረሳም፤ መጠኑም 256 ኪሎቢት ወይም 32,768 ባይት ነው። ከማይክሮኮንትሮለሩ ጋር የሚነጋገረው በ1982 እ.ኤ.አ. በፊሊፕስ ኩባንያ በተፈለሰፈው አይ-ቱ-ሲ በተባለው ሥርዓት ሲሆን፣ ለዚህም ሁለት መስመሮች ብቻ ይበቁታል። በአንደኛው መስመር ዳታ ይተላለፋል፤ በሁለተኛው ደግሞ የእያንዳንዱን ቢት ጊዜ የሚወስነው የክሎክ ምት ይሄዳል።

በሥርዓቱ መሠረት ቺፖቹ መስመሩን ወደ 0 ቮልት ይጎትቱታል እንጂ ወደ ላይ አይገፉትም። ወደ ላይ የሚመልሰው ከኃይል ምንጩ ጋር የተያያዘ ሬዚስተር ነው። ከእያንዳንዱ 8 ቢት በኋላ፣ በ9ኛው የክሎክ ምት ላይ፣ ተቀባዩ የዳታ መስመሩን ወደ ታች በመጎተት መቀበሉን ያረጋግጣል።

ከዚህ በመነሣት 255 የሚለው ቁጥር ሁለት የተለያዩ ትርጉሞች ሊኖሩት እንደሚችል እንረዳለን። አንደኛ፣ መልስ የሚሰጥ ቺፕ ከሌለ መስመሩ ከፍ ብሎ ስለሚቆይ 8ቱም ቢቶች 1 ሆነው ይነበባሉ። ሁለተኛ፣ ምንም ያልተጻፈበት ኢኢፕሮም ራሱ በ1 የተሞላ ነው። ስለዚህ «ቺፑ አልመለሰም» እና «ቺፑ ባዶ ነው» የሚሉትን ሁለት ጉዳዮች መለየት የመጀመሪያው ሥራ ነው። የሚለያቸውም በ9ኛው ምት ላይ የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው።

ማረጋገጫው ካልመጣ

በዚህ ጊዜ ፕሮግራሙን ከመመርመር በፊት ሽቦውን መመርመር ይገባል። ኃይሉ በርቶ ንግግር በማይኖርበት ጊዜ ሁለቱም መስመሮች በመልቲሜትር ሲለኩ ከኃይል ምንጩ ጋር የተቀራረበ ቮልቴጅ ማሳየት አለባቸው። ካላሳዩ ሬዚስተሮቹ መኖራቸውን እናረጋግጥ፤ 4.7 ኪሎኦም የተለመደ መጠን ነው። የሁለቱ ቺፖች 0 ቮልት መገናኘቱም መረሳት የለበትም። ንግግሩ በ400 ኪሎኸርዝ እየተሳሳተ በ100 ኪሎኸርዝ የሚስተካከል ከሆነ የሬዚስተሩን ትልቅነት ወይም የሽቦውን ርዝመት እንጠርጥር፤ መስመሩ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ወደ ላይ ለመድረስ እየዘገየ ሊሆን ይችላልና።

ቀጥሎ የሚመጣው አድራሻ ነው። ሦስቱ የአድራሻ እግሮች ከ0 ቮልት ጋር ሲያያዙ የቺፑ አድራሻ 1010000፣ በአሥርዮሽ ቁጥር 80 ይሆናል። በመስመሩ ላይ ሲላክ ግን የመጻፍ ወይም የማንበብ ቢት ስለሚጨመርበት 160 ወይም 161 ይሆናል። አንዳንድ የፕሮግራም ስብስቦች 80ን፣ ሌሎች 160ን ይጠብቃሉ፤ ሁለቱን ያምታታ ሰው ደህናውን ቺፕ ተበላሽቷል ብሎ ይጥላል።

ማረጋገጫው እየመጣ ዳታው ካልተገኘ

የእኛ ችግር ይህ ነበር። ቺፑ እያንዳንዱን ባይት መቀበሉን ያረጋግጥ ስለነበር ፕሮግራማችን ሁሉም ነገር እንደተሳካ ቆጥሮ ነበር። በመጨረሻ የደረስንበት 7ኛው እግር፣ ማለትም ጽሕፈት የሚከለክለው እግር፣ ከኃይል ምንጩ ጋር ተያይዞ መገኘቱን ነው። በዚህ ሁኔታ ቺፑ ትእዛዙን ይቀበላል፤ ማረጋገጫም ይሰጣል፤ ነገር ግን አንዳች አይጽፍም። እግሩን ወደ 0 ቮልት ስናዞረው መመዝገብ ጀመረ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ በሁለተኛው ሌሊት ሌላ ስሕተት ጠበቀን። 11ኛው ልኬት በከፊል 255 ሆነ፤ የመጀመሪያው ልኬትም ጊዜው ተበላሸ። የቺፑ ማስታወሻ እያንዳንዳቸው 64 ባይት በሚይዙ 512 ገጾች የተከፈለ ነው። በአንድ ጊዜ የሚጻፍ ዳታ የገጹን ዳርቻ ካለፈ ወደ ቀጣዩ ገጽ አይሻገርም፤ ወደዚያው ገጽ መጀመሪያ ይመለሳል። የእኛ አንድ ልኬት 6 ባይት (4 ለጊዜ፣ 2 ለሙቀት) ስለነበር 10ሩ ልኬቶች 60 ባይት ሞሉ። የ11ኛው 4 ባይቶች ቀሪውን ቦታ ያዙ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን ተመልሰው በመጀመሪያው ልኬት ላይ ተጻፉ። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ልኬት 8 ባይት መመደብ ሆነ፤ 64 ለ8 ያለ ቀሪ ይካፈላልና። በዚህ አኳኋን ቺፑ 4,096 ልኬቶችን፣ ማለትም ከ170 ቀናት በላይ የሚሆን መረጃ ይይዛል።

ሁለት ነገሮችን እንጨምር። ቺፑ አንድ ጽሕፈት ለመጨረስ እስከ 5 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ ለሚቀርብለት ጥሪ መልስ አይሰጥም። ስለዚህ ወይ መጠበቅ፣ ወይም እስኪመልስ ድረስ ደጋግሞ መጥራት ያስፈልጋል። እንዲሁም በንባብ መካከል ማይክሮኮንትሮለሩ እንደገና ቢነሣ ቺፑ የዳታ መስመሩን ወደ ታች እንደያዘ ሊቀር ይችላል። እስከ 9 የሚደርሱ የክሎክ ምቶች ልኮ የማቆሚያ ምልክት መስጠት መስመሩን ያስለቅቀዋል።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ቀላል ነው። ከሽቦ ወደ አድራሻ፣ ከአድራሻ ወደ ጊዜና ገጽ በቅደም ተከተል እንሂድ፤ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መሣሪያውን ወደ ሥራ ከማሰማራታችን በፊት እንደ 85 እና 170 ያሉ የታወቁ ቁጥሮችን ከአንድ ገጽ በላይ ጽፈን፣ ኃይሉን አጥፍተንና አብርተን መልሰን እናንብብ። ማረጋገጫው ቺፑ መስማቱን ብቻ ይነግረናል፤ መጻፉን የምናውቀው መልሰን ስናነብ ነው።