ከካርቶን የተወለደ አረንጓዴ ጭራቅ

ልጅ «የጀግናውን ልብስ ሥሩልኝ» ብሎ የመጣ እንደሆነ ወላጅ ተቸገረ ማለት ነው። «የክፉውን» ያለ እንደሆነ ግን የሥራው እኩሌታ ከወዲሁ አልቋል። የቪዲዮ ጌም ጀግና ብዙውን ጊዜ እንደ ማንኛችንም ሰው ነው፤ ጀግንነቱ የሚታየው ልጁ ሲያንቀሳቅሰው ነው። ልብሱን ሰፍተን ብናቆመው ጎረቤት «ደግሞ ዛሬ ምን ለብሷል?» ከማለት አያልፍም። ክፉው ግን ገና ከሩቁ መታወቅ አለበት። ካልታወቀ ተጫዋቹ አይሸሽም፤ ካልሸሸ ጨዋታ የለም። ስለዚህ የጌሙ ሠሪዎች ነገሩን አስቀድመው አቅልለውልናል፦ አንድ ቅርጽ፣ አንድ ቀለም፣ የማይረሳ አንድ ምልክት።

የጥንቶቹ ጌሞች ያቀለሉት ወደው አልነበረም። ዝነኛው የጌም ጀግና ማሪዮ እ.ኤ.አ. በ1981 «ዶንኪ ኮንግ» ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ የተሰጠችው ቦታ ጥቂት የስክሪን ነጥብ (ፒክስል) ብቻ ስለነበረች ሠሪው ሺገሩ ሚያሞቶ በአፍ ፈንታ ሪዝ ቀጠለለት፣ ፀጉር ከመሣል ደግሞ ኮፍያ ደፋለት። በ1985 በወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ላይ ጠላት ሆኖ የመጣው ባውዘር በሚያሞቶ ሐሳብ በሬ ነበር። ባልደረባው ታካሺ ቴዙካ ሥዕሉን ሲያይ ኤሊ መሰለው፤ ኤሊ ሆኖም ቀረ። እናትየው ከፈቀዱ አንድ ያረጀ ሰፌድ በጀርባ ማሰርና የካርቶን እሾህ መትከል ባውዘርን ያቆመዋል። ሰፌዱ ያላረጀ እንደሆነ ግን ባትጠይቋቸው ይሻላል።

እዚህ የምናስተዋውቀው ከባውዘርም የቀለለውን ነው፤ ስሙ ክሪፐር ነው። ስዊድናዊው ማርኩስ ፐርሰን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው «ማይንክራፍት» ውስጥ ይኖራል። ይህ ጌም ዓለሙ በሙሉ ከጡብ የተሠራ ነው፤ ዛፉም፣ ተራራውም፣ ላሚቱም ጡብ ናቸው። ልጁ ቆፍሮ፣ ፈልጦ፣ ደርድሮ ቤት ይሠራል፤ ሲመሽ ጭራቆቹ ይወጣሉ። ማይክሮሶፍት ጌሙን የሚሠራውን ኩባንያ በ2014 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል፤ ጌሙም ከ300 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። አንዴ ስልክ ላይ ከተጫነ ኢንተርኔት ሳይኖርም ይሠራል፤ ኔትወርክ መጣ ሄደ ለሚባልበት አገር ይኽ ትንሽ ነገር አይደለም።

ክሪፐር ሌሎቹ ጭራቆች እንደሚያደርጉት እየጮኸ አይመጣም። ኮቴው ሳይሰማ ከኋላ ይደርሳል፤ ከቀረበ በኋላ እንደ ተለኮሰ ፊውዝ «ጭስስስ» ይልና ይፈነዳል። የሚያስለቅሰው ሞቱ አይደለም፤ ልጁ ሙሉ ቀን የለፋበትን ግድግዳ ይዞበት መሄዱ ነው። አወላለዱ ደግሞ ያስቃል። ፐርሰን አሳማ ሊሠራ አስቦ ቁመትና ርዝመቱን አቀያይሮ ጻፈ። መተኛት የነበረበት አካል ተገትሮ ቆመ፣ አራቱ አጫጭር እግሮች ከሥሩ ቀሩ። ሰውየው አላጠፋውም፤ አረንጓዴ ቀብቶ ለቀቀው። አንገት የለውም፣ እጅ የለውም፣ ድመት ይፈራል።

ይህን ፍርሃቱን ለአንዲት የገበዝ ማርያም እናት የልጅ ልጃቸው ሲያስረዳ ሰምቻለሁ። ካርቶኑን ገልበጥ ገልበጥ እያደረጉ ሲያዩ ቆዩና፣

«እጅም የለው! በምኑ ሊበላ ነው?»

«አይበላም እማማ፣ ይፈነዳል እንጂ።»

«እሽ ይፈንዳ። ማንን ይፈራል ታዲያ?»

«ድመት።»

«እንግዲያ አይጥ ነው በለኛ!»

ወደ ሥራው እንግባ። ክሪፐርን ለካርቶን የተፈጠረ ያደረገው ልኩ ነው። ጭንቅላቱ በየአቅጣጫው ስምንት ነጥብ የሆነ ሳጥን ነው፤ ደረቱ ስምንት በአሥራ ሁለት፣ ውፍረቱ አራት፤ እያንዳንዱ እግር አራት በአራት ሆኖ ቁመቱ ስድስት። አንዱን ነጥብ 4 ሳንቲ ሜትር ብናደርገው ጭንቅላቱ 32 በ32 ይመጣል፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ይበቃል። ደረቱ 32 በ48 ይሆናል። ውፍረቱ በሒሳቡ 16 ቢሆንም ልጅ መተንፈስ አለበትና 22 ወይም 24 አድርጉት፤ ከጎን ማንም አይለካም።

ካርቶን ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ከሱቅ ደጃፍ አይጠፋም። የብስኩት ካርቶን ስስ ነው፤ የዘይት ወይም የሳሙና ይሻላል። የካርቶኑ ውስጥ ሸንተረር ከላይ ወደ ታች እንዲወርድ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ በአግድም ከሆነ ሳጥኑ በመጀመሪያው ግፊያ ይጎብጣል። በሚታጠፍበት ቦታ በማስመሪያ ላይ የቢላዋ ጀርባ ጫን ብሎ ማለፍ ይበቃል፤ ስለቱ ከነካው ይበጠሳል። ማዕዘኑን አብዛኛው ሰው በስኮች ያያይዘዋል። ስኮች ቀለም ሲነካው ይላቀቃል፣ ፀሐይ ላይም ይለቃል። በወስፌ በስቶ በሲባጎ መስፋት ግን ይዘልቃል፤ ለዚህ ደግሞ ስንደዶና አክርማ ሲሰፋ ከኖረ እጅ የበለጠ የለም። ከላይ ያልኳቸው እናት በቀልዳቸው መሐል አራቱን ማዕዘን ሰፍተው ጨርሰው ነበር። ስፌቱ በተራራቀ ቁጥር ካርቶኑ ይቀደዳል፤ ጣት ለጣት ያህል ማቀራረብ ነው።

ሙጫ መግዛት ግድ አይደለም። የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ እሳት ላይ እያማሰሉ እስኪወፍር ማፍላት፣ ከዚያ ያረጀ ደብተር ወረቀት እየለጠፉ ሳጥኑን ማልበስ። ይህ ልባስ የካርቶኑን ጽሑፍ ይሸፍናል፤ ቀለሙም እንዳይሰርግ ይይዘዋል። እስኪደርቅ አንድ ቀን ይፈልጋል። ልጁ አይታገሥም፤ ሥራ ስጡት።

ሥራው ማኅተም መምታት ነው። ክሪፐር ባለ አንድ ቀለም አረንጓዴ ቢመስልም ቀረብ ብሎ ላየው ደብዛዛው፣ ደማቁና ነጣ ያለው በየነጥቡ ተዘራርቶበታል። የግድግዳ የውኃ ቀለም በሦስት ጣሳ ይበጠበጥ፤ አንዱ እንዳለ፣ አንዱ ነጭ የተጨመረበት፣ አንዱ ጥቁር ጠብ ያለበት። ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ 4 በ4 ሳንቲ ሜትር ሦስት ጉራጅ ይቆረጥ። ልጁ እያጠቀሰ ይምታ፤ በጭንቅላቱ አንድ ፊት 64 ምት ነው። መስመር ቢስትበት አትንኩበት፤ እንዲያውም ያምርበታል። የዘይት ቀለም ግን ለጭንቅላቱ አይሆንም። ሽታው ቀናት ይቆያል፤ ልጁ ደግሞ አፍንጫውን ውስጡ ሊከት ነው።

ፊቱ ላይ ስትደርሱ ረጋ በሉ፤ ልብሱ የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚህ ነው። ከላይ ሁለት ረድፍ ዝለሉ። በሦስተኛውና በአራተኛው ረድፍ ሁለተኛውና ሦስተኛው ነጥብ አንድ ዓይን፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው ሌላ ዓይን ናቸው። በአምስተኛው ረድፍ መሐል ያሉት ሁለት ነጥቦች አፍንጫ ይሆናሉ። ስድስተኛውና ሰባተኛው ረድፍ ላይ የመሐሉ አራት፣ በስምንተኛው ላይ ደግሞ ሦስተኛውና ስድስተኛው ብቻ፤ ያ ወደ ታች የተንጠለጠለ አፍ ነው። ሁሉም ጥቁር ናቸው።

ብዙ ሰው የጭራቁን ዓይን በስቶ ልጁ በዚያ እንዲያይ ይፈልጋል። አይሆንም። የክሪፐር ዓይኖች ከመሐል እስከ መሐል 16 ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ዓይኖች መሐል ያለው ግን ከአምስት እስከ ስድስት ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ልጁ የሚያየው በጭራቁ አፍንጫ ነው። አፍንጫው 8 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ለሁለቱም ዓይን ይበቃል። ከፍታው እንዲገጥም ከሳጥኑ ጣራ ሥር 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፖንጅ ይለጠፍ፤ ያኔ የልጁ ዓይን ልክ አምስተኛው ረድፍ ላይ ይውላል። ስፖንጁ አናቱንም ከካርቶን ያድንለታል። አፍንጫውና አፉ ተቆርጠው ይወጡና ከውስጥ ስስ ጥቁር ሻሽ ይሰፋባቸዋል። ውስጡ ጨለማ፣ ውጪው ብርሃን ስለሆነ ልጁ ያያል፣ እኛ አናየውም። አፉ ላይ አየር ይገባል፤ ከኋላም የጣት ቀዳዳዎች ይበሱለት። ዓይኖቹ በቀለም ብቻ ይቀራሉ። ጥቁር ቀለም ከጠፋ የምጣድ ጥቀርሻ በዱቄቱ ሙጫ ተለውሶ ይሠራል፤ ብቻ ሳይደርቅ ነጭ የለበሰ ሰው እንዳይጠጋው።

እጅ የለውም ብለናል። ልጁ ግን አለው። እጁን ካርቶኑ ውስጥ ቀብሮ የሚልክ ወላጅ ስላለ አጥብቄ ነው የምናገረው፦ ልጅ ሲደናቀፍ መሬት የሚይዘው በእጁ ነው። በሁለቱ ጎን ሰፋ ያለ ቀዳዳ ክፈቱ፣ አረንጓዴ እጅጌ አልብሱት። ጓደኞቹ «ክሪፐር እጅ የለውም» ይሉታል። ይበሉት። ደረቱ በትከሻ ላይ በሁለት የጨርቅ ማንገቻ ይንጠልጠል። ከአራቱ እግሮች የፊቶቹ ሁለት ብቻ ጫማ ላይ ይታሰሩ፤ የኋላዎቹ ከደረቱ ሥር ቢንጠለጠሉ ይበቃቸዋል። ስድስት ነጥብ ያለው እግር 24 ሳንቲ ሜትር ይመጣና ጉልበት ይነካል፤ ወደ 18 ዝቅ ቢል ደረጃ መውጣት ይቻላል።

አለባበሱ ለልደት፣ ለመዋዕለ ሕፃናት ምረቃ፣ ለትምህርት ቤት የወላጆች በዓል ይሆናል። ለቡሄ ግን አላደርገውም። ነሐሴ 12 ማታ ችቦ አለ፤ ወረቀት የለበሰና ዙሪያውን በቅጡ የማያይ ልጅ እሳት አጠገብ አይቆምም። የነሐሴ ዝናብ ደግሞ ካርቶን አይምርም። ክረምት ላይ የግድ ከሆነ በካርቶን ፈንታ የማዳበሪያ ከረጢት በቀርከሃ ስንጥር ላይ መወጠር ያዋጣል፤ ቀርከሃው ከእንጅባራ በኩል እንደ ልብ ይገኛል። ከብት ጠባቂው ልጅ ዝናቡን በገሳ ሲያሳልፍ ላየ ሰው ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። ገሳ የደፋ እረኛ በጭጋግ ውስጥ ሲመጣ ከየትኛውም ጌም ጭራቅ የበለጠ ያስደነግጣል።

«ልጅን ክፉ ነገር ማልበስ ምን ይባላል?» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቀንድና ጅራት ያለበትን እኔም አልመርጥም። ይሁን እንጂ በአገራችን የመጀመሪያው ቴአትር የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ»፣ ከመቶ ዓመት በፊት መድረክ ላይ ያወጣው አውሬዎችን ነበር፤ እሱንም ቤተ መንግሥቱ አልወደደለትም። ጅብ ሆኖ ያልተጫወተ የጎጃም ልጅስ የትኛው ነው? አያ ጅቦን የሚሆነው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከጨዋታው መሐል ፈሪው ነው፤ ጅብ የሆነ ዕለት የሚያስፈራው ይጠፋል። በቤት በእጅ የተሠራ ነገር ልጆች ዘንድ ዋጋ እንዳለው ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም አሳይቷል። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን በ2005 እ.ኤ.አ. ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን ሲመሠርቱ የያዙት በእጅ የምትንቀሳቀስ የጨርቅ ቀጭኔ ነበር፤ ያቺ ቀጭኔ አገር ምድሩን አስተማረች።

የራሳችን ጌምም አለ። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ የሠራው የ«ኩኩሉ» ጀግና ወጥ ላለመሆን የምትሮጥ ዶሮ ናት። የዚያን ጌም ክፉ ሰው ለመሥራት ካርቶን አያስፈልግም፤ የበዓል ዋዜማ ዕለት ቢላዋ ይዞ ጓሮ የቆመ አባወራ ሁሉ ለብሶታል።

ክሪፐሩ ከተለበሰ በኋላ ቀድመው የሚሄዱት እግሮቹ ናቸው። ጠጠር ሜዳ ላይ ከግማሽ ቀን በላይ አይቆዩም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ሁለት ትርፍ ቆርጣችሁ አኑሩ። ጭንቅላቱ ከቤት ጣራ ሥር ከተሰቀለ ለታናሽ ይተርፋል፤ የስፖንጁ ውፍረት ብቻ ይጨመርለታል፤ የትንሹ ጭንቅላት አጭር ስለሆነ ዓይኑ ከጭራቁ አፍንጫ በላይ ይውላልና። መሬት ላይ የተቀመጠ እንደሆነ ግን አይጥ ይገባበታል፤ የዱቄት ሙጫ ለአይጥ ምግብ ነው፤ ድመት ያለበት ቤት አስቀምጡት።