አሮጌውን የቡና ማፍያ መኪና ከመጣላችን በፊት

አንድ ባልንጀራዬ ከደመወዙ እየቆጠበ ለሁለት ዓመት ባጠራቀመው ገንዘብ፣ ቡና ቤት ለመክፈት ያገለገለ የኢጣልያ የቡና ማፍያ መኪና ገዛ። ነገር ግን ቡናው እየመረረ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ደንበኛ ሸሸው። «ተታለልሁ፤ ለቆራሌው ልስጠው» ቢለኝ፣ «አስቀድመን እንመርምረው» አልሁት።

አንባቢ ሆይ፣ ጥሩ ኤስፕሬሶ የሚገኘው ሙቅ ውሃ በ9 ባር ያህል፣ ማለትም የአየርን ግፊት 9 እጅ በሚያህል ኃይል፣ በተፈጨው ቡና ውስጥ ሲያልፍ ነው። የዚህ መንገድ ጠላቶች ሁለት ናቸው፤ እነርሱም የከረመ የቡና ቅባትና ከውሃ የሚቀር ኖራ ናቸው።

ስለዚህ መኪናውን ከኤሌክትሪክ ነቅለን፣ የግፊቱ መለኪያ ዜሮ እስኪደርስና ብረቱ እስኪበርድ ታገሥን። ውሃ የሚያወርደውን ወንፊት ብንፈታው በጥቁር ቅባት ተደፍኖ አገኘነው፤ በማጽጃ ዘፍዝፈን አጠብነው። ቡናው በእጀታው ዙሪያ እንዲያፈተልክ ያደረገውን የደረቀ የጎማ ቀለበት ለወጥን። በቦይለሩ ውስጥ የተጋገረውንም ኖራ በሲትሪክ አሲድ አሟምተን፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግመን አለቀለቅነው።

ለካስ መኪናው አልተበላሸም፤ ያጣው የሚያጥበውን ሰው ኖሯል! ዛሬ ባልንጀራዬ ወንፊቱን ሳያጥብ ሱቁን አይዘጋም፤ የወተት ማሞቂያውንም ቧንቧ ወተቱ ሳይደርቅበት ይወለውለዋል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የተባለው ለዚህም ይሠራል።