መግቢያው ቀላል፣ መውጫው ጭንቅ፦ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ቀልድ ለገበሬውና ለከተሜው ምን ይነግራል?

ደሴ፦ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ኮምፒውተር ሳይንስ አልያም ሶፍትዌር ምሕንድስና የሚማር ልጅ ያለው ቤተሰብ አንድ ቀልድ ሳይሰማ አይቀርም። አንዱ ባለሙያ ሌላውን “ቪም በሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ ስንት ዓመት ሠራህ?” ብሎ ይጠይቀዋል። “አምስት ዓመት” ይላል ተጠያቂው። “በጣም ወደድኸው ማለት ነው?” ሲባል “ወድጄው አይደለም፤ መውጫው ጠፍቶኝ ነው” ሲል ይመልሳል።

ቀልዱ የሙያው ሰዎች እርስ በርስ የሚጨዋወቱት ይምሰል እንጂ በውስጡ ያለው ቁም ነገር ማሳ ላይ ቆሞ የእጅ ስልኩን የሚነካካውን ገበሬም፣ በሱቁ ሆኖ በስልክ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰውን ነጋዴም ይመለከታል። ይህ ጽሑፍ የቀልዱን ምንጭ፣ መሣሪያዎቹ ከባድ የሆኑበትን ምክንያትና ከዚህ የሚገኘውን ትምህርት ያብራራል።

ጥቁሩ ገጽ ምንድን ነው?

አብዛኞቻችን የምናውቀው ኮምፒውተር ሥዕላዊ ምልክቶች አሉት፤ በማውስ እየጠቆሙ መክፈትና መዝጋት ይቻላል። የኮምፒውተር ባለሙያዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ምልክትም ማውስም በሌለበት፣ ትዕዛዝ በጽሑፍ ብቻ በሚሰጥበት ጥቁር ገጽ ላይ ነው። የባንክ፣ የቴሌኮምና የድረ ገጽ መረጃ የሚያከማቹ ትልልቅ ኮምፒውተሮች በአብዛኛው የሚገኙት ከባለሙያው ርቀው ስለሆነ፣ ባለሙያው በመስመር ገብቶ የሚያዝዛቸው በዚህ መንገድ ነው። በዚያ ጥቁር ገጽ ላይ ጽሑፍ ለመጻፍና ለማረም የሚያገለግሉት መሣሪያዎች ናቸው የቀልዱ መነሻ።

ከእነዚህ ቀደምት የሆነው “ኢዲ” ይባላል። ኬን ቶምሰን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ በ1969 በቤል ላብራቶሪ የሠራው ነው። ተጠቃሚው ሲሳሳት ኢዲ የሚሰጠው መልስ አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። ምን እንደተሳሳተ፣ የት እንደተሳሳተ አይናገርም። ባለሙያዎቹም “ኢዲ ምን እንደሆንህ ያውቃል፤ አንተ ግን ማወቅ አለብህ” እያሉ ይሳለቁበታል።

ይሁን እንጂ ለዝምታው ምክንያት ነበረው። በዚያ ዘመን ኮምፒውተሩ ከሰው ጋር ይነጋገር የነበረው ቴሌፕሪንተር በሚባል፣ እያንዳንዷን ፊደል በወረቀት ላይ በሚያትም ማሽን ነበር። ረዥም መልስ ማለት የሚባክን ወረቀትና የሚባክን ጊዜ ነው።

አንድ ማረሻ፣ ሁለት ሥራ

እ.ኤ.አ በ1976 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሌይ ተማሪ የነበረው ቢል ጆይ “ቪአይ” የተባለውን ማረሚያ ሠራ። ጆይ ይሠራበት የነበረው የስልክ መስመር በሰከንድ 30 ያህል ፊደላትን ብቻ ያስተላልፍ ነበር። 24 መስመር፣ በእያንዳንዱም 80 ፊደል የሚይዘውን አንድ ገጽ ለመሙላት ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ቪአይ በትንሽ ንክኪ ብዙ ሥራ እንዲሠራ ተደርጎ ተቀረጸ።

መንገዱም ይህ ነው። ቪአይ በዋናነት ሁለት ሁኔታዎች አሉት፤ አንዱ የትዕዛዝ፣ ሌላው የመጻፊያ። ገበሬ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ወደ ማሳ ሲሄድ ማረሻው አፈር አይነካም፤ ማሳው ውስጥ ሲገባ ግን ይወጋል። ያው ማረሻ፣ ያው በሬ ነው፤ የሚሠራው ግን እንደ ቦታው ይለያያል። በቪአይም “ዲ” የምትባለው ፊደል በመጻፊያው ሁኔታ ስትነካ ትጻፋለች። በትዕዛዙ ሁኔታ ሁለት ጊዜ ስትነካ ግን አንድ ሙሉ መስመር ትሰርዛለች።

አዲስ ገቢ ይህን አያውቅም። ቪአይ ሲከፈት በትዕዛዝ ሁኔታ ስለሚጀምር፣ ስሙን ልጻፍ ሲል ከጽሑፉ ላይ መስመር ይጠፋል፤ ጠቋሚው ወዲያና ወዲህ ይዘላል። ተደናግጦ ልውጣ ሲል ደግሞ የሚጫነው የመዝጊያ ምልክት የለም። ትክክለኛው መንገድ መጀመሪያ “ኤስኬፕ” የሚለውን መንካት፣ ቀጥሎ ኮለን የሚባለውን ሁለት ነጥብ፣ “ኪው” የተባለችውን ፊደልና ቃለ አጋኖ መጻፍ፣ በመጨረሻም “ኢንተር” ማለት ነው። ይህ ለውጡን ሳያስቀምጥ ያስወጣል። ሥራውን አስቀምጦ ለመውጣት ከሁለት ነጥቡ በኋላ “ደብሊው” እና “ኪው” ይጻፋሉ።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ሌላ መዝጊያ ይጨመርበታል። የፊደል ገበታው በግእዝ ላይ እያለ “ኪው”ን ቢነካ የሚወጣው “ቅ” ነው፤ ኮለኑም ብዙውን ጊዜ የእኛው ሁለት ነጥብ ይሆናል። ማረሚያው ይህን እንደ ትዕዛዝ ስለማያውቀው ሰውየው ትክክለኛውን ቁልፍ እየነካ ሳይወጣ ይቀራል። አስቀድሞ ገበታውን ወደ ላቲን መመለስ ይኖርበታል።

ከቀልዱ ጀርባ ያለው ቁጥር

ስለ መውጫው የሚነገሩት ቀልዶች ብዙ ናቸው። ማንም ሊገምተው የማይችል የይለፍ ቃል ከፈለግህ፣ አዲስ ተማሪ ቪም ፊት አስቀምጥና “ውጣ” በለው፤ ተጨንቆ የሚነካካው ሁሉ ድንቅ የይለፍ ቃል ይወጣዋል ይባላል። ኮምፒውተሩን ከነሶኬቱ ነቅሎ መገላገልም እንደ አንድ መፍትሔ ይቆጠራል።

ቀልዱ ግን እውነተኛ ችግር አለው። እ.ኤ.አ በ2012 አንድ ተጠቃሚ ስታክ ኦቨርፍሎው በተባለው የባለሙያዎች መጠያየቂያ ገጽ ላይ “ከቪም እንዴት ነው የሚወጣው?” ሲል ጠየቀ። እ.ኤ.አ በ2017 ጥያቄው ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ መታየቱን ገጹ ራሱ አስታወቀ። ኮምፒውተር ሙያቸው የሆኑ ሰዎች በር ፍለጋ ይህን ያህል ከተንከራተቱ፣ ሙያው ሌላ የሆነ ሰው ስልኩ ላይ ቢደናገር የሚያሳፍር ነገር የለም።

ከመሣሪያዎቹ ጋር ለአፍሪካ ቅርብ የሆነ ታሪክም አለ። ቪም የቪአይ የተሻሻለ ዝርያ ሲሆን፣ ሆላንዳዊው ብራም ሞሌናር እ.ኤ.አ በ1991 ለሕዝብ ያቀረበው ነው። ሞሌናር እ.ኤ.አ በ1994 በደቡብ ኡጋንዳ በምትገኘው ኪባሌ በሕፃናት ማዕከል ውስጥ የውኃና የንጽሕና መሐንዲስ ሆኖ ሠርቷል። ቪምን ያለ ክፍያ ለዓለም ሲሰጥ በምላሹ የጠየቀው፣ የሚችል ሰው የኡጋንዳን ችግረኛ ሕፃናት እንዲረዳ ነው። ይህ ጥሪ ዛሬም ቪም ፋይል ሳይከፈትበት ሲጀመር በሚታየው ገጽ ላይ ይነበባል። የመውጫው ትዕዛዝም እዚያው ገጽ ላይ ተጽፏል። ችግሩ ፋይል ይዞ የሚገባ ሰው ያንን ገጽ አለማየቱ ነው። ሞሌናር እ.ኤ.አ በነሐሴ 2023 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል።

የቪአይ ተፎካካሪ የሆነው ኢማክስ ደግሞ “ጥሩ የጽሑፍ ማረሚያ ብቻ የጎደለው ሙሉ ኮምፒውተር” እየተባለ ይቀለድበታል፤ ማረሚያ ሆኖ ሳለ በውስጡ የማይሠራ ነገር ስለሌለ ነው። ሆኖም ለእኛ ባለውለታ ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ በ1999 የዓለም የፊደላት መለያ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ከመካተቱ አስቀድሞ ኢማክስ ፊደላችንን ያስተናግድ ነበር። የዓለም ቋንቋዎችን ሰላምታ በሚያሳየው ገጹ ላይም አማርኛ “ሠላም” ይላል።

ከባድ ሁሉ መጥፎ ነውን?

አይደለም። የሸማኔ ዕቃ ለማያውቀው ሰው የክር ጥልፍልፍ ነው፤ እጁ ለለመደ ሸማኔ ግን ከዚያ የፈጠነ የለም። ቪአይም ቀኑን ሙሉ ለሚሠራበት ባለሙያ ጊዜ ይቆጥባል። ጥያቄው መሣሪያው የተሠራው ለማን ነው የሚለው ነው። በየቀኑ የሚጠቀምበት ሰው አንድ ጊዜ ተቸግሮ ይማራል፤ በወር አንዴ ወይም በመኸር አንዴ የሚነካው ሰው ግን በተጠቀመ ቁጥር እንደ አዲስ ይቸገራል።

እ.ኤ.አ በ1999 የተጀመረው “ናኖ” የተባለው ማረሚያ ይህን ችግር ያቃለለው በቀላል መላ ነው። ዋና ዋና ትዕዛዞቹን፣ መውጫውን ጨምሮ፣ ከገጹ ግርጌ ዘወትር ጽፎ ያሳያል። ጥቁሩ ገጽ ያው ነው፤ ልዩነቱ የመውጫውን በር ማሳየቱ ነው።

ወደ እጅ ስልካችን ስንመለስ

በ2006 ዓ.ም ሥራ የጀመረው 8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር፣ ማንበብ የማይችል ሰው ሳይቀር በድምፅ እየሰማና ቁጥር እየነካ ስለ ሰብሉ ምክር እንዲያገኝ የተዘረጋ ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ቴሌብር ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክም፣ ኮከብ 127 መሰላል ብሎ በመደወል ገንዘብ መላክና መቀበል አስችሏል።

እነዚህ አገልግሎቶች የቪአይን ጠባይ በከፊል ይጋራሉ። “1” ቁጥር በአንዱ ገጽ ቋንቋ ለመምረጥ፣ በሌላው ገንዘብ ለመላክ፣ በሦስተኛው ደግሞ የብሩ መጠን ሊሆን ይችላል። ቁልፉ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን እንደ ገጹ ይለወጣል። ልዩነቱ እዚህ የሚጠፋው የጽሑፍ መስመር ሳይሆን የጤፍ ወይም የበግ ሽያጭ ገንዘብ መሆኑ ነው።

ትልቁ አደጋም ቁልፍ መሳሳት አይደለም። መውጫው የጠፋበት ሰው ስልኩንና የሚስጥር ቁጥሩን አጠገቡ ላገኘው ሰው አሳልፎ መስጠቱ ነው። በገበያ ቀን ግርግር መካከል “እስቲ አንተ ሥራልኝ” ማለት ቤትን ከነቁልፉ ማስረከብ ነው። ስለዚህ ተጠቃሚዎች የሚከተሉትን ልብ ቢሉ ይበጃል።

የሚስጥር ቁጥር ከማስገባት በፊት የተቀባዩን ስምና የገንዘቡን መጠን ቆም ብሎ ማንበብ ይገባል። ማንበብ የማይችል ሰው ልጁን ወይም የሚያምነውን ቤተሰብ ያስነብብ፤ የሚስጥር ቁጥሩን ግን ራሱ ይንካ። ያሉበት ገጽ ግራ ካጋባ መነካካቱን ትቶ መሰረዝ፣ ከዚያም ከመጀመሪያው መጀመር ይሻላል፤ ሚስጥር ቁጥሩ ካልገባ ገንዘቡ አይሄድም። አዲስ አገልግሎት ለመልመድም የገበያ ቀን ሳይሆን ቤት ውስጥ፣ በትንሽ ብር መሞከር ይመረጣል።

በወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴ ግቢና በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማሩ ወጣቶች ነገ እንዲህ ያሉ አገልግሎቶችን የሚሠሩ ናቸው። በቪም ሲቀልዱ ሦስት ነገር ቢይዙ የሚጠቀመው ወላጃቸው ነው፦ እንደ ናኖ መውጫውን ዘወትር ማሳየት፤ እንደ ኢዲ በጥያቄ ምልክት ከመመለስ ይልቅ ምን እንደተሳሳተ በአማርኛ መናገር፤ የተሳሳተው የሚመለስበትን መንገድ አስቀድሞ ማበጀት። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንደሚባለው፣ በሥራው ጊዜ የተዘለለ ማብራሪያ በኋላ የሚከፈልበት በተጠቃሚው ኪስ ነው።