ጠፋ ሲሉ ምኑ ነው የጠፋው?

ነቀምቴ ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ያላት ወጣት አውቃለሁ። ማመልከቻና የቤት ኪራይ ውል ትጽፋለች፤ የምረቃ ሰሞን ደግሞ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው ይሰለፉባታል። ባለፈው ክረምት ላፕቶፗ አመል አወጣ። ሥራ መሀል ስክሪኑ ድንገት ጭልም ይላል፤ ትንሽ ቆይታ ስትነካካው ይመለሳል። ጥገና ቤት ወሰደችው፣ «ቫይረስ ነው» አሏት፣ ፎርማት ተደረገ፣ ከፍላ ተመለሰች። በነጋታው ረፋድ ላይ እንደገና ጨለመ።

ጥፋተኛው ስልኳ ነበር። የስልኳ ሽፋን መዝጊያው ማግኔት አለው፤ ደንበኛ ሲደውልላት ታነሳና ስትጨርስ ከኪቦርዱ በታች፣ መዳፏ ከሚያርፍበት ቦታ ላይ ታስቀምጠዋለች። ብዙ ላፕቶፖች ክዳናቸው መዘጋቱን የሚያውቁት በስክሪኑ ጠርዝ ውስጥ በተቀበረች ትንሽ ማግኔትና ከታች ባለ ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ ማግኔት ከቀረበው ክዳኑ የተዘጋ ይመስለውና ስክሪኑን ያጠፋል፤ የማን ማግኔት እንደሆነ አይለይም። ስልኩ ወደ ጠረጴዛው ማዶ ተዛወረ፣ ነገሩም በዚያው አበቃ። አንዱን ላፕቶፕ በሌላው ላይ ደርቦ መሥራትም እንዲሁ ያደርጋል።

ይህን የማነሳው በጥገና ሠራተኞች ላይ ለማፌዝ አይደለም። ጣጣው ከቃሉ ይጀምራል። መብራቱም፣ ኮምፒውተሩም፣ ስክሪኑም «ጠፋ» ነው የሚባለው። በአፋን ኦሮሞም መብራት ሲሄድ «ኢብሳን በዴ» ይባላል፤ የጠፋ ዕቃም የሚነገረው በዚያው ቃል ነው። ደንበኛው «እየጠፋ አስቸገረኝ» ብሎ ያስረክባል፣ ጠጋኙም የለመደውን ይሠራል።

ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ አንድ ነገር አድርጉ። ስክሪኑ እንደጨለመ ካፕስ ሎክን ተጫኑ። የኪቦርዱ ትንሽ መብራት በራ ጠፋ ካለች ኮምፒውተሩ ነቅቶ እየሠራ ነው፤ የጨለመው ስክሪኑ ብቻ ነው። መብራቷ ካልተንቀሳቀሰች ማሽኑ ደርቋል፣ ተኝቷል ወይም ጨርሶ ጠፍቷል። ከዚህ በኋላ ያለው ምርመራ ሁሉ በዚህች መልስ ላይ ይቆማል።

«ቫይረስ ገብቶበት ነው»

ወሬው ፍላሽ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ከተማ ቢነግሥ አይገርምም፤ ከተማሪ ፍላሽ ቫይረስ የማያውቅ ጽሕፈት ቤት የለም። ሆኖም ቫይረስ ዋና ሥራው ፋይል መደበቅ፣ መስረቅ ወይም ማበላሸት ነው፤ ስክሪን እያጠፋ የሚያበራው ከስንት አንዴ ነው። ለማጣራት ኮምፒውተሩ ሲነሳ ወደ ባዮስ ገጽ ግቡና እዚያው ተዉት። ብዙ ጊዜ የሚያስገባው ኤፍ ሁለት ወይም ዲሊት ቁልፍ ነው። በዚያ ገጽ ላይ ዊንዶውስ ገና አልተነሳም። እዚያም ከጨለመ ነገሩ የዕቃ ነው፤ አሥር ጊዜ ፎርማት ቢደረግ ለውጥ የለውም፤ ትርፉ ያልተገለበጠ የመመረቂያ ጽሑፍ ማጣት ነው። ባዮስ ላይ ደህና ሆኖ ዊንዶውስ ውስጥ ብቻ ከጨለመ ግን የስክሪን ድራይቨሩን ወይም የኃይል ቁጠባውን ጠርጥሩ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ቢን አንድ ላይ መጫን ድራይቨሩን እንደ አዲስ ያስነሳዋል። ስክሪኑ ከተመለሰ ጥርጣሬያችሁ ልክ ነው።

«ስክሪኑ ተቃጥሏል፣ ይቀየር»

ብዙ ብር የሚወስደው ይህ ነው። የተለመደው ስክሪን በራሱ አያበራም፤ ሥዕሉ ከፊት፣ መብራቱ ከኋላ ነው። መብራቱ ብቻ ሲሞት ሥዕሉ በጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይቀራል። ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን መብራት ወደ ስክሪኑ አስጠግታችሁ በጎን አብሩበት። ፊደሎቹ ዝናብ እንደነካው ደብዳቤ ደብዝዘው ከታዩ ስክሪኑ አልሞተም፤ የተበላሸው የኋላ መብራቱ ወይም እሱን የሚመግበው ክፍል ነው።

ያገለገሉ ሞኒተሮች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጥፋተኛ ካፓሲተር ነው፤ በውስጠኛው ካርድ ላይ የቆመች፣ የጣት ጫፍ የምታህል ቆርቆሮ። ጤነኛዋ አናቷ ጠፍጣፋ ነው፤ የታመመችው ትነፋለች፣ አንዳንዴም ቡናማ ፈሳሽ ትተፋለች። በርቶ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ የሚጨልም ሞኒተር ካለባችሁ መጀመሪያ እሷን አስመርምሩ፤ ለአንድ የጥገና ሠራተኛ የብየዳ ሥራ ናት። ራሳችሁ ግን እንዳትከፍቱት፤ ከሶኬት ተነቅሎም ኮረንቲ ይዞ ይቆያል።

ላፕቶፕ ከሆነ ክዳኑን ቀስ አድርጋችሁ ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሱ። በአንድ ማዕዘን እየበራ በሌላው ከጨለመ በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው ቀጭን ኬብል ተበልቷል፣ ወይም ከቦታው ለቋል።

«መታ ሲያደርጉት ይሠራል»

እውነት ይሠራል፤ የላላ ነገር እንዳለ የሚነግራችሁም እሱ ነው። ከሞኒተሩ ኋላ ያለውን ኬብል ነቅላችሁ መልሳችሁ አጥብቁት፤ ሁለቱ የጎን ብሎኖች የተሠሩት ለጌጥ አይደለም። የራምን ጥርስ በላጲስ መጥረግም የሚሳቅበት አይደለም፤ ኮረንቲው ተነቅሎ ይሁን እንጂ።

«አገሩ ቀዝቃዛ ነው፣ አይሞቅም»

ነቀምቴ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱ ለኮምፒውተር ይመቻል። ነገር ግን በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ፋኑ የሚገፋው አየር ያንሳል። የበጋው ቀይ አቧራ ሲጨመርበት ማሽኑ ሙቀት ሸሽቶ ራሱን ያጠፋል፤ ያኔ ካፕስ ሎክም አትበራም።

«ስታቢላይዘር አለኝ»

ስታቢላይዘር ውስጥ ባትሪ የለም። ኃይሉ ሲወርድና ሲወጣ ቀጭ ቀጭ እያለ ያስተካክላል፤ መብራቱ ግማሽ ሰከንድ ከሄደ ግን አብሮ ይሄዳል። የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ መብራት ሲቋረጥ በውስጡ ባጠራቀመው የሚቆየው 16 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ዓይን ከሚጠቀስበት ጊዜ በጣም ያነሰ። ተራ ዩፒኤስ ወደ ባትሪው የሚዞረው በዚያች ክፍተት ውስጥ ነው፤ ስታቢላይዘር ይህን አይችልም።

እዚህ ላይ ሰዎች «ፊንጫ ደጃችን ሆኖ ስለምን ኮረንቲው ይደክማል?» ይላሉ። የሆሮ ጉዱሩው ፊንጫ በ1960ዎቹ አጋማሽ ኃይል ማመንጨት የጀመረ የእድሜ ባለጠጋ ነው። ሆኖም የሚያመነጨው ለብሔራዊው መስመር ስለሆነ ለጎረቤት ብሎ አይመርጥም። ቤታችሁ የሚደርሰውን 220 ቮልት የሚያወርደው ብዙ ጊዜ የሰፈሩ ትራንስፎርመርና የመስመሩ ርዝመት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ የጽሕፈት ቤቷ ኮምፒውተር ከሞኒተሩ ጋር የዚያን አሥረኛ እንኳ አይሞላም። የመንገዱ ቤቶች ሁሉ አመሻሽ ላይ ምጣድ ሲያሰሙ ለኮምፒውተሩ ምን እንደሚደርሰው አስቡ። የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ብዙም አይጨነቅም፤ ይበልጥ የሚንገዳገደው የዴስክቶፑ ፓወር ሰፕላይ ነው።

ዩፒኤስ ያላቸውም ይሳሳታሉ። ሲፒዩው ዩፒኤሱ ላይ፣ ሞኒተሩ ደግሞ ገመዱ አጥሮ ዲቫይደር ላይ የተሰካበት ጽሕፈት ቤት ብዙ ነው። መብራት ለቅጽበት ሲሄድ ሞኒተሩ ብቻ ጨልሞ ይመለሳል፤ ኮምፒውተሩ ምንም ስላልሆነ «ስክሪኑ በራሱ ይጠፋል» ይባላል። ፋይሉን ሴቭ አድርጋችሁ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት የዩፒኤሱንም የዲቫይደሩንም መሰኪያ ከግድግዳው ንቀሉ። ሁለቱም ከጠፉ የዩፒኤሱ ባትሪ አልቋል። ስክሪኑ ብቻ ከጨለመ የሞኒተሩን ገመድ በእጃችሁ ይዛችሁ ከጠረጴዛው ሥር እስከ መጨረሻው ተከተሉት።