ብቻቸውን የማይቆሙ ቃላት

ድርቅ ደጋግሞ በጎበኘው በዋግ ኽምራ ደጋ፣ ስለ ጎረቤት መንደር «ዘነበላቸው» ከተባለ የምሥራች ነው። «ዘነበባቸው» ከተባለ ግን ምናልባት እህሉ ገና ከአውድማ ሳይነሳ ነው። ዝናቡም አንድ ነው፣ ግሱም አንድ ነው። በረከትና ጥፋትን የለዩት «ለ» እና «በ» ናቸው፤ እነሱም ከግሱ ኋላ ተለጥፈው፣ ተውላጠ ስሙን አዝለው ይሰማሉ።

እንዲህ ያሉትን ተለጣፊ ቃላት እንበላቸው። የራሳቸው ትርጉም አላቸው፤ ራሳቸውን ችለው ግን አይነገሩም። በብዙ ቋንቋ የሚታወቁት ድምፃቸው ሳይጎላ፣ ጎልቶ በሚነገረው ጎረቤታቸው ላይ ተደግፈው በማለፋቸው ነው። አማርኛ አንዱን የቃል ክፍል ከሌላው ይህን ያህል አጉልቶ ስለማይናገር፣ ሌላ መለያ ያስፈልጋል፦ ቃሉ ጎረቤቱን ይመርጣል ወይስ ያገኘው ላይ ይለጠፋል? «-ኦች» ስም ይሻል፤ ከተራ ቅጥያ ወገን ነው። «-ም» ግን ያገኘውን አይንቅም፦ ሰቆጣም፣ ትናንትም፣ በልቶም፣ ቀዩም። «-ስ» እና «-ማ»ም እንደዚያው ናቸው።

ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀው የ«ለ» ጉዞ ነው። «ለነጋዴው ሰጠሁት» ስንል «ለ» ከነጋዴው ጋር ናት። ነጋዴው ከዋግ ኽምራዋ ከተማ ከሰቆጣ የመጣ ከሆነስ? «ከሰቆጣ ለመጣው ነጋዴ ሰጠሁት» እንላለን። ስጦታው ለነጋዴው ሆኖ ሳለ፣ «ለ» ነጋዴውን ባዶውን ትታ «መጣ» ላይ ተቀመጠች። እዚያ «የመጣው» ሲባል የነበረችውን «የ»ንም ከቦታዋ አስነሳቻት። «የሰቆጣ ማር» የሚለውም «በ» ሲመጣበት «በሰቆጣ ማር» ይሆናል እንጂ «በየሰቆጣ ማር» አይሆንም። (ሁለቱ ተስማምተው የሚታዩት «በየቤቱ»፣ «በየገበያው» ሲባል ነው፤ ያ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው።) ይህን ሕግ ማንም ሕፃን ቁጭ ብሎ አልተማረውም፤ አማርኛን በጎልማሳነቱ የሚማር እንግዳ ግን ላብ የሚያፈስበት ቦታ ነው።

የታወቀን ነገር የሚያመለክተው «-ው» (ወይም «-ኡ»)ም ቦታ መራጭ ነው። «ቤቱ» ይባላል፤ ቅጽል ሲቀድም ግን «ትልቁ ቤት» ይሆናል፤ ምልክቱ ስሙን ትቶ ወደ ቅጽሉ ይዛወራል። ቦታ መምረጥ የአማርኛ ብቻ አይደለም፤ የስዊዘርላንዱ ሊቅ ያኮብ ቫከርናግል እ.ኤ.አ. በ1892 የጥንቶቹ ግሪክኛና ሳንስክሪት ድምፃቸው የማይጎላ ቃላት በዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለተኛውን ቦታ እንደሚሹ አሳይቶ ነበር። የግዕዙ መጠይቅ «-ኑ» ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ቃል ኋላ መለጠፉ ይህንኑ ያስታውሳል።

ተለጣፊው ከፊት ይምጣ ወይስ ከኋላ የሚለውን ለመረዳት ዋግ ላይ ቆሞ ማየት ይጠቅማል። በዞኑ ከአማርኛ ጎን የሚነገረው ኽምጣንጋ ከብሌን፣ ከቅማንትኛና ከአዊኛ ጋር የአገው ቋንቋዎች ቤተሰብ አባል ነው። ኦስትሪያዊው ሌዮ ራይኒሽ እ.ኤ.አ. በ1884፣ እንግሊዛዊው ዴቪድ አፕልያርድ ደግሞ በ1987 ስለ ኽምጣንጋ ጥናት አሳትመዋል። የአገው ቋንቋዎች ግሱን ከመጨረሻ ያኖራሉ፤ ስሙ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለውን ሙያ የሚናገሩትን ምልክቶችም ከስሙ ኋላ ያስከትላሉ። ግዕዝ በተቃራኒው መስተዋድዱን ያስቀድማል፤ «ሰማይ ወምድር» ሲል «ወ» ወደ ፊት፣ ወደ ምድር ተደግፋለች። የአማርኛው «ሰማይና ምድር» ላይ «-ና» ወደ ኋላ፣ ወደ ሰማይ ተደግፋለች። «ከሰቆጣ ጋር»፣ «በተራራው ላይ» ስንል ደግሞ ከፊትም ከኋላም እናስራለን። ወልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1945 ባወጣው ጥናት አገውን የሚጨምሩት የኩሽ ቋንቋዎች በኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ላይ ያሳደሩትን ተጽዕኖ መርምሯል። የአማርኛ ግስ ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ መሄዱን ብዙ ሊቃውንት የሚያያይዙት ከዚሁ ጉርብትና፣ በተለይም ከአገው ጋር ነው። እኔም አሳማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ አገውኛ ሲናገር ያደገ ሰው አማርኛን ሲይዝ የአፉን ልማድ በር ላይ ጥሎ አይገባም።

ተለጣፊው የማን ነው የሚለው ችግር ጽሕፈት ላይ ይብሳል። ባለ አንድ ፊደሎቹ «ለ»፣ «በ»፣ «ከ»፣ «የ» ሁልጊዜ ከተከታያቸው ጋር ይጻፋሉ። «ወደ»፣ «ስለ» እና «እንደ» ግን በአንዱ ጋዜጣ ላይ ተጣብቀው፣ በሌላው ተለያይተው ይታያሉ፤ አንዳንዴ በአንድ ገጽ ላይ በሁለቱም መልክ። «ነውኮ» እና «ነው እኮ»ም እንደዚያው ናቸው። በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ ይጥል የነበረው የብራና ጸሐፊም የት ላይ እንደሚያሳርፈው መወሰን ነበረበት። ኽምጣንጋም በዋግ ትምህርት ቤቶች በግዕዝ ፊደል ስለሚጻፍ፣ ከስሙ ኋላ የምትመጣውን ምልክት ለጥፎ መጻፍ ወይስ ለይቶ የሚለው ጥያቄ የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጁንም ይጠብቀዋል።