የባክቴሪያን ስትሬይን ለይቶ ስለ ማወቅ
ሐረርም ሲዳሞም ቡና ተብለው በጣዕም እንደሚለያዩ፥ ለአንጀት ጤና ከሚረዱት ባክቴሪያዎችም አንዱ ዝርያ «ስትሬይን» በሚባሉ ዘሮች ይከፈላል። «ራምኖሰስ ጂጂ» ሲባል ራምኖሰስ የዝርያው፥ ጂጂ የስትሬይኑ ስም ነው፤ በጂጂ ላይ የተገኘው የምርመራ ውጤትም ለሌላው ራምኖሰስ ማስረጃ አይሆንም።

ላቦራቶሪው ባክቴሪያው የሚያብላላውን ስኳር ቢመረምርና 16ኤስ የተባለውን ጂን ቢያነብ፥ በአብዛኛው የሚያውቀው ዝርያውን ብቻ ነው። ስትሬይኑን ለማወቅ ዲኤንኤውን በኢንዛይም ቆርጦ ቁራጮቹን በኤሌክትሪክ ኃይል እንደየመጠናቸው መለየት፥ ይልቁንም ዲኤንኤውን በሙሉ ማንበብ ያስፈልጋል።

የፋኦና የዓለም ጤና ድርጅት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2002 የስትሬይኑ ስም በመያዣው ላይ እንዲጻፍ መክረዋል። ስለዚህ አስመጪው ገንዘቡን ከመክፈሉ አስቀድሞ የስትሬይኑን ስምና የምርመራውን ዘዴ የሚገልጽ የላቦራቶሪ ምስክር ወረቀት ይጠይቅ፤ አለዚያ የአንዱን ዋጋ ከፍሎ ሌላውን ሊረከብ ይችላል።