አፈሙዙ ወደ ግራ ያያል

አምስት ትልልቅ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ይሆናሉ፤ መሐላቸው ላይ የሲኒ አፍ የምታህል ጥቁር ክብ ተሥላለች። ዙሪያዋን በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች ወንፊት አስመስለዋታል። አምስቱን ደራርበን ወደ መስኮቱ ብርሃን ስናነሣቸው ግን የቀዳዳዎቹ መንጋ ጥቁሯን ክብ መሐሉ አላደረጋትም። ከስንዝር ትንሽ ባነሰ ርቀት ወደ ግራ ሸሽቷል።

«አየህ ልጄ? እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው» አሉኝ ጋሼ፣ በአገጫቸው ወደ ጠመንጃው እያመለከቱ።

ጋሼ የምላቸው በእስራኤሏ የአሽዶድ ከተማ የሰፈሬ ሰው ናቸው። ጎንደር አካባቢ ተወልደው ያደጉ፣ አባታቸው ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጡ የነበሩ፣ እዚህ ከመጡ ወዲህ ዕድሜያቸውን በእርሻ ሥራ ያሳለፉ አዳኝ ናቸው። የጦር መሣሪያም የአደንም ፈቃድ አላቸው። ያጠራቀሙትን ገንዘብ አውጥተው አዲስ ከፊል አውቶማቲክ ሾትገን ገዙ። ከካርቶኑ ሲወጣ ዘይቱ ያልደረቀ፣ ጭረት የሌለበት፣ ዓይን የሚስብ ዕቃ ነበር። ወር ሳይሞላው ግን የመቷት ቆቅ እየቆሰለች ታመልጣቸው ጀመር። ይህ ነው እንቅልፍ የነሣቸው። አዳኝ ቢስት ያፍራል፤ አቁስሎ ሲያስመልጥ ግን የእንስሳው ሥቃይ በእሱ አንገት ነው። እኔ በቶርኖ ሥራ የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ «ና እስቲ እይልኝ» አሉኝ፤ ፈቃድ ወዳለው የተኩስ ሜዳ አብረን ሄድን።

ጠመንጃ ስንል አንድ ነገር ይመስለናል። በእውነቱ ሁለት መስመር ነው። አንደኛው ከዓይናችን ተነሥቶ በአፈሙዙ ጫፍ ባለችው ዶቃ በኩል ወደ ዒላማው የሚሄደው የዕይታ መስመር ነው። ሁለተኛው በአፈሙዙ ቧንቧ መሐል ለመሐል የሚያልፈው፣ እርሳሱ የሚጓዝበት መስመር ነው። ተኳሹ የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን አያየውም፤ ፋብሪካው ከመጀመሪያው ጋር አስማምቶታል ብሎ ያምናል። ያ እምነት የተበላሸ ዕለት ሰውየው በትክክል አልሞ በትክክል ይስታል።

ሾትገን ከሌላው ጠመንጃ የሚለየው አንድ ድፍን ጥይት ሳይሆን ብትን የእርሳስ ፍሬ መትፋቱ ነው። 28 ግራም እርሳስ በሚይዝ የተለመደ ጥይት ውስጥ፣ ወደ 2.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው 350 ያህል ፍሬዎች ይታጨቃሉ። ከአፈሙዙ ሲወጡ ተጠጋግተው ይሄዱና እየራቁ ሲሄዱ ይበተናሉ። ባለሙያዎች ሥርጭቱን የሚለኩት በ36 ሜትር ተኩል ገደማ ርቀት ላይ፣ 76 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ነው። በዚህ የተነሣ ብዙ ሰው «ሾትገን ይበትናል፤ ትንሽ ቢዛነፍ ምን አለበት?» ይላል። አለበት እንጂ! ፍሬዎቹ መሐል ላይ ጥቅጥቅ፣ ዳር ላይ ሳሳ ያሉ ናቸው። መሐሉ ወደ ጎን ከሄደ ወፏ የሚደርሳት ዳሩ ነው፤ ሁለት ሦስት ፍሬ ክንፏን ይመታታል፤ ወድቃ አትሞት፣ በርራም አትድን።

የመዛነፉ ሒሳብ ቀላል ነው። አፈሙዙ 70 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። በዚህ ርዝመት ውስጥ ሁለቱ መስመሮች በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢለያዩ፣ 35 ሜትር ላይ ልዩነቱ ሃምሳ ጊዜ አድጎ 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የጋሼ ወረቀት ላይ ያገኘነው 15 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ስሕተቱ በአፈሙዙ ርዝመት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይጠጋል ማለት ነው። መጉበጡ በመጨረሻው ሲሶ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ትበቃለች። ጣት ሲያልፍባት የማትታወቅ፣ ዓይን ካልተገራ የማያያት መጠን ናት።

ታዲያ ከየት ትመጣለች? ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ቃታው በተሳበ ቁጥር አንዴ ተኩሶ፣ ባዶውን ቀለሃ ራሱ አስወጥቶ፣ ቀጣዩን ራሱ የሚያጎርስ ነው። ጆን ብራውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1900 መብቱን ያስመዘገበውና የቤልጅጉ ኤፍ ኤን ፋብሪካ ከ1902 ጀምሮ ያመረተው አውቶ 5 የዚህ ዓይነት ሾትገን ፈር ቀዳጅ ነው። በእሱ ላይ አፈሙዙ ራሱ በግፊቱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ዛሬ ከሚሠሩት ብዙዎቹ አፈሙዙ ላይ ባለች ቀዳዳ ከባሩዱ ጋዝ ጥቂት ቀድተው ፒስተን ይገፉበታል፤ ሌሎቹ በጠመንጃው የኋልዮሽ ምት ጠንካራ ሞላ ጨምቀው ይሠራሉ። መንገዱ ይለያይ እንጂ ሁሉም የሚጋሩት ባሕርይ አለ፤ አፈሙዙ ተነቃይ ነው። ከኋላ በጠመንጃው ገላ ውስጥ ይሰካል፤ ከፊት ከሥሩ የተበየደችው ቀለበት ጥይት የሚደረደርበትን ቱቦ ታቅፋለች፤ ጫፉ ላይ ያለው ክዳን ተጠምዝዞ ሁሉን ያጠብቃል። ገላው፣ ቱቦው፣ ቀለበቷና አፈሙዙ መስማማት አለባቸው። ቱቦው ገላው ውስጥ ትንሽ ጠመም ብሎ ከተጠመዘዘ ወይም ቀለበቷ ከቦታዋ ዘንበል ብላ ከተበየደች፣ ክዳኑ ሲጠብቅ አፈሙዙን ወደ ጎን ይስበዋል።

በፋብሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል የተፈቀደለት የስሕተት ወሰን አለው። አራት ክፍሎች እያንዳንዳቸው በ0.05 ሚሊ ሜትር ቢሳሳቱ ሁሉም ፈተናውን ያልፋሉ። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ስለሚሳሳት ይካካሳሉ። አንዳንዴ ግን አራቱም ወደ አንድ ወገን ይሳሳቱና 0.2 ሚሊ ሜትር ይሞላሉ። ማንም ሠራተኛ ሳያጠፋ ጠማማ ዕቃ የሚወጣው እንዲህ ነው። በእኔ ሥራም ያጋጥመኛል፤ አራት ደህና ቁራጮች ገጥመው አንድ መጥፎ ማሽን ይወልዳሉ።

የሚገርመው፣ ልክን በዚህ ደረጃ መቆጣጠርን ዓለም የተማረው በአብዛኛው ከጠመንጃ ነው። ኦኖሬ ብላን የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1785 የተፈታቱ የጠመንጃ መተኮሻ ክፍሎችን ለቶማስ ጄፈርሰን አቀረበ፤ ጄፈርሰንም ያገኘውን ካገኘው ጋር ራሱ ገጣጠመ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በእጅ እየተሞረደ ለአንድ ጠመንጃ ብቻ በሚሠራበት ዘመን ይህ ተአምር ነበር። ስዊድናዊው ካርል ዮሐንሰን ዛሬ በመላው ዓለም የመለኪያዎች ዳኛ የሆኑትን የብረት ጡቦች የፈለሰፈው በኤስኪልስቱና የጠመንጃ ፋብሪካ ሲሠራ ነው፤ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1896፣ የዓድዋ ድል ዓመት። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1774 እንግሊዛዊው ጆን ዊልኪንሰን የመድፍ ቧንቧን ቀጥ አድርጎ የሚሠረሥር ማሽን ሠራ፤ ጄምስ ዋት ለእንፋሎት ሞተሩ እንፋሎት የማያሾልክ ሲሊንደር ያገኘው ከዊልኪንሰን ነው። ቀጥ ያለ ቀዳዳ ባይኖር ባቡርም ባልኖረ ነበር።

ቀጥ ያለ ቀዳዳ ግን ከባድ ነገር ነው። ረጅም መሠርሠሪያ ብረት ውስጥ ሲገባ ጠንካራውን ወገን እየሸሸ ይጣመማል። ቧንቧው ደኅና ሆኖ ከተሠረሠረ በኋላም በአፈሙዙ ጀርባ ላይ የሚዘረጋው ስስ ሐዲድ ሲበየድ ሙቀቱ ብረቱን ሊያጎብጠው ይችላል። የጫፉ ነገርም አለ። ሥርጭቱን የሚያጠብበው፣ ቾክ የሚሉት አጭር ቱቦ ጫፉ ላይ በጥርስ ይጠመዘዛል፤ ጥርሱ ከቧንቧው ማዕከል ጋር ካልገጠመ ቱቦው ዘንበል ብሎ ይቀመጥና ፍሬዎቹን በመጨረሻዋ ቅጽበት ወደ ጎን ይገፋቸዋል።

የመድፍ ነገር ሲነሣ ጋፋትን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ለዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ካቀለጡላቸው ሰዎች አንዱ ሞሪትዝ ሆል ይባላል፤ በክራኮቭ የተወለደ ሰው ነው። ከመቅደላ በኋላ መጥቶ የኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1914ም ያረፈው ከአሽዶድ በስተ ሰሜን ባለችው በያፎ ነው። የጋፋትን እሳት ያነደዱ እጆች እኛ በዕረፍት ቀናችን በምንዝናናበት ባሕር ዳር አርፈዋል። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲህ ብረት ሠሪ አገር የለውም» አሉኝ። የጋሼ ወገኖች፣ ቤተ እስራኤሎች፣ በጎንደር አንጥረኞች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ግንበኞች ነበሩ፤ ማረሻቸውን የሚፈልገው ጎረቤት ቡዳ ናቸው እያለ ይሸሻቸው ነበር። አሽዶድ ደግሞ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አዛጦን የምትባለው የፍልስጥኤማውያን ከተማ ናት። በመጽሐፈ ሳሙኤል እንደተተረከው በሳኦል ዘመን በእስራኤል ምድር ቀጥቃጭ ስላልነበረ ሕዝቡ ማረሻውን ለማሳል ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ ነበር። ዛሬ የቀጥቃጮቹ ልጆች እዚሁ ተቀምጠናል።

ወደ ወረቀቶቹ ልመለስ። አንድ ጠመንጃ ጠማማ ነው ከማለት በፊት ሌሎቹን ጥፋተኞች አንድ በአንድ ማስወጣት ያስፈልጋል፤ ሐኪም ወባ ነው ከማለቱ በፊት ደም እንደሚያስመረምረው ማለት ነው። በማለዳ ሄድን፤ አሽዶድ ከቀትር በኋላ ከባሕሩ ነፋስ ይነሣል፣ ቀላል ፍሬ ደግሞ በነፋስ ይነዳል። ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፈው፣ ለእያንዳንዱ ተኩስ አዲስ ወረቀት እየተሰቀለ፣ አምስት ጊዜ ተኮሱ። ቀጥሎ የሜዳው አሠልጣኝ ተኮሰ።

ሰው መቀየሩ ትልቅ ነገር ነው። በሾትገን የኋላ ማነጣጠሪያ የለም፤ የኋላ ማነጣጠሪያው የተኳሹ ዓይን ነው። ሰደፉ ለጉንጩ ካልተስማማው ዓይኑ ወደ ጎን ይወድቅና ጥይቱም ይከተለዋል። ለዚህም ነው ብዙ ፋብሪካዎች ከካርቶኑ ውስጥ የሰደፉን አቅጣጫ የሚያስተካክሉ ስስ ንጣፎች የሚጨምሩት። አሠልጣኙ ሌላ ፊት፣ ሌላ ትከሻ ያለው ሰው ነው፤ የእሱም ፍሬ ወደ ግራ ሄደ። ቾኩ ተቀየረ፤ አሁንም ግራ። ክዳኑ ተፈትቶ አፈሙዙ ወጥቶ ተመልሶ ገባ፤ ግራ። በነገራችን ላይ ከፍ ማለት ቢሆን ኖሮ አልቸኩልም ነበር፤ አንዳንድ ጠመንጃ ለሚነሣ ወፍ እንዲመች ሆን ተብሎ ትንሽ ከፍ አድርጎ እንዲመታ ይሠራል። ወደ ጎን እንዲመታ ተብሎ የሚሠራ ግን የለም።

የመጨረሻውን ፍርድ የሰጠው የሜዳው ጠመንጃ ጠጋኝ ነው። ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የመጣ፣ አማርኛም እንግሊዝኛም የማያውቅ አዛውንት ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋገጠ፤ አፈሙዙን ነቀለው፤ ቧንቧውን በጨርቅ ወልውሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከዚያ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቧንቧውን ቀስ እያለ አሽከረከረው። እኔም አየሁ። እንደ መስተዋት የተወለወለ ቧንቧ ውስጥ ብርሃን ሲገባ ክብ በክብ ውስጥ ሆኖ ይታያል፣ ጠጠር የወደቀበት ኩሬ ይመስላል። ቧንቧው ቀጥ ያለ ከሆነ ክቦቹ አንድ ማዕከል አላቸው። በዚህኛው ግን የመጀመሪያዎቹ ክቦች ሥርዓት ይዘው ቆይተው ወደ ጫፉ ግድም ያሉት ወደ አንድ ወገን ተጨናንቀዋል። ጥላቸውም እንደ አዲስ ጨረቃ በአንድ ወገን ወፈረ። መጉበጡ እዚያ ነው፤ በመጨረሻው ሲሶ ላይ።

ይህ ዘዴ ከሌዘር በፊት የነበረ ነው። በአፈሙዝ ፋብሪካዎች ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ጥላ እያዩ፣ የጎበጠውን በመጫኛ ዊንች ወይም በመዶሻ የሚያቀኑ ሠራተኞች ነበሩ። የዓመታት ልምምድ የሚጠይቅ ሙያ ነው። ጋሼን ግን አላስደነቃቸውም። «አባቴ ማረሻውን ከእሳት ሲያወጣ እንዲሁ ነበር የሚያየው፤ ገበሬም ሞፈር ሲቆርጥ ከጫፍ ሆኖ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያይ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከጎን ሲያዩት ቀጥ ያለ የሚመስል ዕንጨት ከጫፉ ሲያዩት ጉብጠቱ ሁሉ ተጠቅልሎ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ርዝመቱ ስለሚያጥር ጠማማነቱ ይጎላል።

«ታዲያ አሁን በመዶሻ አናቀናውም?» ብለው ጠየቁ ጋሼ። ጠጋኙ ጣቱን ነቀነቀ። አፈሙዝ የከፍተኛ ግፊት ዕቃ ነው፤ ያለ ሙያው የደበደበው ሰው በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊፈጥር፣ የፋብሪካውንም ዋስትና ሊያሳጣ ይችላል። በእስራኤል ሕግም መሣሪያ መጠገን ፈቃድ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የሚሳሳትበት ነገር አለ። በብዙ የአውሮፓ አገሮች በሚሠራ አፈሙዝ ላይ የፍተሻ ማኅተም ይታተማል፤ እ.ኤ.አ. በ1914 በተመሠረተው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ሥርዓት መሠረት ከመደበኛው የበረታ ጥይት ተተኩሶበት የሚታተም ነው። ማኅተሙ አፈሙዙ እንደማይፈነዳ ይመሰክራል፤ ወዴት እንደሚመታ ግን አንዲት ቃል አይናገርም። የመጀመሪያው ለሰዎች ደኅንነት ነው፤ ሁለተኛውን የሚያጣራው ገዢው ራሱ ነው፣ በወረቀት።

ወረቀቶቹ ሥራቸውን ሠሩ። ጋሼ በእያንዳንዱ ላይ ርቀቱን፣ የጥይቱን ዓይነት፣ የቾኩን ስምና የተኳሹን ማንነት ጻፉበት፤ እያንዳንዱን ለአራት አጥፈን በየሩቡ የወደቁትን ቀዳዳዎች ቆጠርን። ሻጩ መጀመሪያ «ተኳሹ ይሆናል» ብሎ ነበር፤ የአሠልጣኙን ወረቀት ሲያይ ክርክሩን ተወው። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ሌላ አፈሙዝ መጣ።

ጋሼ ጠጋኙ ጋ ደውለው ቀጠሮ አስያዙና እኔን ጠሩኝ። አዲሱ አፈሙዝ ከላስቲኩ ወጣ። ጠጋኙ እጁን ሊዘረጋ ሲል ጋሼ ቀደሙት፤ ቧንቧውን በመሐረባቸው ወለወሉ፣ ወደ መስኮቱ አነሡት፣ ግራ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ቀስ እያሉ አሽከረከሩት። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ ያለ አንዳች ቃል ለጠጋኙ አቀበሉትና ወረቀት ለመስቀል ወደ ሜዳው ወጡ።